ማሽኑ ሲዛወር ሰዓቱ እንዳይዛባ፦ በሃይፐር-ቪ ላይ የሚሠራው ኬቪኤም ጉዳይ

አንድ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ እየሠራ ሳለ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ይዛወራል። ተጠቃሚው አያውቅም። ኔትወርኩ አልተቋረጠም፣ ዳታቤዙ ክፍት ነው፣ ፕሮግራሙ ከቆመበት ይቀጥላል። ሜሞሪው፣ የፕሮሰሰሩ ሬጅስተሮች (ትንንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎቹ)፣ የዲስኩ ግንኙነት አብረው ተጉዘዋል። አብሮ የማይጓዝ አንድ ነገር አለ፤ የቀድሞው ሰርቨር ፕሮሰሰር የሚቆጥርበት ፍጥነት። እሱ የብረቱ ነው። እዚያው ይቀራል።

እዚህ የምመረምረው የዚህን ችግር ከባድ መልክ ነው። ከታች የማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ አለ፤ ሃይፐርቫይዘር ነው፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተናግድ ሶፍትዌር። በላዩ ሊኑክስ የተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን ይሠራል። ሊኑክሱ ደግሞ የራሱ ሃይፐርቫይዘር በሆነው በኬቪኤም አማካይነት የራሱን ቨርቹዋል ማሽኖች ያስተናግዳል። ሃይፐር-ቪ መካከለኛውን ሊኑክስ አንስቶ ፍጥነቱ የተለየ ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጠው፣ ከላይ ያሉት ማሽኖች ሰዓት ምን ይሆናል? የሬድ ሃት መሐንዲስ ቪታሊ ኩዝኔትሶቭ በ2017 መጨረሻ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የኮድ ለውጥ አቀረበ። ለውጡ ኤፕሪል 2018 በወጣው ሊኑክስ 4.16 ውስጥ ገባ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ስለ ቨርቹዋል ማሽን ሰዓት ሲወራ ብዙ ሰው "ኤንቲፒ ጫንበትና ተገላገል" ይላል፤ ኤንቲፒ የኮምፒውተርን ሰዓት በኔትወርክ ከትክክለኛ ሰዓት ጋር የሚያስተካክል ሥርዓት ነው። ይህ ጉዳይ ያ ምክር የት ላይ እንደሚያበቃ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከዝውውር በኋላ የሰዓት ትክክለኛነት የሚወሰነው የፍጥነቱን ለውጥ ማን ቀድሞ እንደሰማ፣ ያልሰማውስ እስኪሰማ ድረስ ምን እያነበበ እንደቆየ ነው።

ሰዓቱ ከየት ይነበባል

ኮምፒውተር ላይ ጊዜ የሚቆጥሩ ቺፖች ብዙ ናቸው። የድሮው ፒት በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ይመታል። የኤሲፒአይ ታይመር 3,579,545 ጊዜ። ኤችፔት ቢያንስ 10 ሚሊዮን ጊዜ። የሦስቱም ችግር አንድ ነው። ለማንበብ ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ መሄድ ያስፈልጋል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ደግሞ ይባስ ብሎ እያንዳንዱን ንባብ ሃይፐርቫይዘሩ ይጠልፈዋል።

ቲኤስሲ የሚባለው ቆጣሪ ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው ያለው። በ1993 ከወጣው ፔንቲየም ጀምሮ አለ። ለማንበብ አንድ ትእዛዝ ይበቃል፤ በጥቂት አስር ሳይክሎች (የፕሮሰሰሩ ምቶች) ያልቃል። ሃይፐርቫይዘሩ ጣልቃ ከገባ ግን ዋጋው ከሺህ ሳይክል በላይ ይሆናል። ዳታቤዝ፣ የሎግ ሲስተም፣ የኔትወርክ ፕሮግራም፣ ሁሉም በሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ ሰዓት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ቲኤስሲን በቀጥታ ማንበብ ይፈልጋል። አይፈረድባቸውም።

ቲኤስሲ የሚሰጠው ግን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ወደ ናኖሰከንድ ለመለወጥ ፍጥነቱን ማወቅ ግድ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አንድ ቆጠራ 0.417 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። 3.0 ጊጋኸርዝ ላይ 0.333 ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው ማባዣውን ካላወቀ ምንም አልያዘም።

ኬቪኤም ይህን ማባዣ ለቨርቹዋል ማሽኑ የሚያቀብልበት መንገድ አለው፤ ኬቪኤም-ክሎክ ይባላል። ሃይፐርቫይዘሩ ከማሽኑ ጋር በሚጋራው ሜሞሪ ላይ ጥቂት ቁጥሮች ይጽፋል። "ቲኤስሲ ይህን ያህል በነበረበት ቅጽበት ሰዓቱ ይህን ያህል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተቆጠረውን በዚህ ማባዣ አባዛው።" ማሽኑ ቲኤስሲን ያነባል፣ ይቀንሳል፣ ያባዛል፣ ይደምራል። በቃ። ሃይፐርቫይዘሩን መጥራት አያስፈልግም። ቁጥሮቹ እየተቀየሩ ሳለ ማሽኑ ቢያነባቸው እንዳይሳሳት የእትም ቁጥርም አብሮ አለ፤ እትሙ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ "እየጻፍኩ ነው፣ ጠብቅ" ማለት ነው።

መነሻና ፍጥነት ይለያያሉ

የኛ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት በስድስት ሰዓት ይለያያሉ። አንዱን ከሌላው ለማግኘት ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ይበቃል። ዛሬም፣ የዛሬ ዓመትም ልዩነቱ ያው ስድስት ነው። ይህ የመነሻ ልዩነት ነው። ሃይፐርቫይዘሮች ይህን ዓይነቱን ከድሮም ያውቁበታል። የኢንቴልም የኤኤምዲም ፕሮሰሰሮች ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን ቲኤስሲ ላይ የሚደመር ቁጥር የሚይዙበት ቦታ አላቸው። አዲሱ ሰርቨር ትናንት ቢነሳና አሮጌው ከዓመት በፊት ቢነሳ እንኳ ልዩነቱን በአንድ ድምር መሸፈን ይቻላል።

የፍጥነት ልዩነት ግን እያደር ይሰፋል። ማሽኑ 2.4 ጊጋኸርዝ ከሚቆጥር ሰርቨር ወደ 3.0 ጊጋኸርዝ ሰርቨር ተዛወረ እንበል። ማባዣው ሳይቀየር ከቀረ፣ በአንድ እውነተኛ ሰከንድ ውስጥ ማሽኑ 1.25 ሰከንድ ያለፈ ይመስለዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 15 ደቂቃ ይቀድማል። 30 ሰከንድ እንዲጠብቅ የታዘዘ ፕሮግራም በ24 ሰከንድ "አልመጣም" ብሎ ይተዋል። በቆጠራ የተሞላ ታይመርም እንዲሁ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) 4 ሚሊሰከንድ ፈልጎ 9.6 ሚሊዮን ቆጠራ ቢያዝ፣ በአዲሱ ብረት ላይ 9.6 ሚሊዮኑ በ3.2 ሚሊሰከንድ ያልቃል።

ወደ ኋላ የሚቀርበት አቅጣጫ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከ3.0 ወደ 2.4 ሲዛወር ሰዓቱ በ0.8 ፍጥነት ይሄዳል። አንድ ማሽን "ለ10 ሰከንድ የዚህ ዳታ ጌታ እኔ ነኝ" የሚል ውል ይዟል እንበል። ለእሱ 10 ሰከንድ የሚሞላው ከ12.5 እውነተኛ ሰከንድ በኋላ ነው። ሌላው ማሽን ግን ልክ በ10ኛው ሰከንድ ውሉ አልቋል ብሎ ጌትነቱን ይወስዳል። ለ2.5 ሰከንድ ሁለት ጌቶች አንድ ዳታ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ጽሑፍ ትክክል እንደሆነ ማንም አያውቅም። መቅደም ብዙ ጊዜ ጩኸት ያስነሳል፤ መዘግየት ግን ዳታን በዝምታ ያበላሻል።

ኤንቲፒስ? ኤንቲፒ ሰዓትን ቀስ ብሎ የሚያስተካክልበት የተለመደ ጣሪያ ከሚሊዮን 500 ነው። በሰዓት ሲሰላ 1.8 ሰከንድ። እላይ ያለው ስህተት በሰዓት 900 ሰከንድ ነው፤ አምስት መቶ እጥፍ። ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ወደ ትክክለኛው ቦታ መግፋትም አለ። ያ ግን የግድግዳውን ሰዓት እንጂ ፕሮግራሞች የጊዜ ርቀት የሚለኩበትን፣ ወደ ፊት ብቻ የሚሄደውን ሰዓት አይነካም። ታይመሮች የሚመኩት በዚህኛው ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ታይመሮቹ ሁሉ የተዛቡበት ማሽን ይፈጠራል።

ለኤንቲፒ ፍትሐዊ ለመሆን፣ በትንንሽ ልዩነቶች ላይ ሥራውን ጥሩ አድርጎ ይሠራል። አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ሁለት ሰርቨሮች እንኳ የቆጠራ ምታቸውን የሚሰጠው ክሪስታል በትክክል እኩል አይመታም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ቢሆን በቀን 4.32 ሰከንድ ነው። ኬቪኤም ራሱ ከሚሊዮን 250 በታች የሆነን የቲኤስሲ ፍጥነት ልዩነት በመደበኛ አሠራሩ እንደ እኩል ያየዋል። ያ እስከ 21.6 ሰከንድ በቀን ሊደርስ ይችላል። ይህን መሸከም የኤንቲፒ ድርሻ ነው፤ አቅሙም አለው።

መካከል ላይ ያለው ማሽን

ተራው ዝውውር፣ ማለትም ኬቪኤም ብረቱ ላይ በቀጥታ ሲሠራ፣ መፍትሔው ግልጽ ነው። ማሽኑ ለአጭር ጊዜ ይቆማል። ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ይላካል፣ አዲሱ ሰርቨር ላይ ይሞላል። አዲሱ ኬቪኤም የራሱን ብረት ፍጥነት ስለሚያውቅ አዲስ ማባዣ ጽፎ ማሽኑን ያስነሳዋል። የሚያዛውረውም ሰዓት የሚሰጠውም አንድ አካል ስለሆነ ማንም ለማንም ማሳወቅ አይጠበቅበትም።

በዚህ ጉዳይ ግን ኬቪኤም ራሱ ነው የሚዛወረው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

መካከለኛው ሊኑክስ ለራሱ ችግር የለበትም። ሃይፐር-ቪም ከኬቪኤም-ክሎክ ጋር የሚመሳሰል የራሱ መንገድ አለው፤ የቲኤስሲ ገጽ ይባላል። እሱም በጋራ ሜሞሪ ላይ ማባዣና የሚደመር ቁጥር ይዟል፤ ውጤቱ የ100 ናኖሰከንድ ቁርጥራጭ ቆጠራ ነው። ዝውውር ሲመጣ ሃይፐር-ቪ ገጹን ለአዲሱ ፍጥነት አስተካክሎ ይጽፋል። ሊኑክሱ አዲሱን ማባዣ ያነባል፤ ሰዓቱ ሳይደናቀፍ ይቀጥላል።

ከላይ ያሉት ማሽኖች የሚያነቡት ግን ሌላ ገጽ ነው። እሱን የጻፈው መካከለኛው ኬቪኤም ነው። ሃይፐር-ቪ ያ ገጽ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ከእሱ አንፃር በመካከለኛው ማሽን ሜሞሪ ውስጥ ካሉት ባይቶች አንዱ ክፍል ነው፤ በቃ። መካከለኛው ኬቪኤም ደግሞ ብረቱ ከሥሩ እንደተቀየረ የሚነግረው ከሌለ አያውቅም። የላይኞቹ ማሽኖች ያለማንም ፈቃድ ቲኤስሲን በቀጥታ ያነባሉ፣ በአሮጌው ማባዣ ያባዛሉ። ማንም ስህተት ሳይሠራ ሰዓቱ ይዛባል።

ከ4.16 በፊት የነበረው ኬቪኤም ይህን አደጋ በጥንቃቄ ነበር የሚያልፈው። አስተናጋጁ ሊኑክስ ራሱ ቲኤስሲን በቀጥታ እንደ ሰዓት ምንጭ ካልተጠቀመ፣ ኬቪኤም ለማሽኖቹ "ቲኤስሲው የተረጋጋ ነው" የሚለውን ምልክት አይሰጥም ነበር። ሃይፐር-ቪ ላይ ያለው ሊኑክስ የሚጠቀመው የቲኤስሲ ገጹን ነው። ስለዚህ የላይኞቹ ማሽኖች ምልክቱን አያገኙም። ምልክቱ ከሌለ ደግሞ ሰዓት መጠየቅ ውድ ይሆናል። ፕሮግራሙ ከርነሉ ውስጥ ሳይገባ ሰዓት የሚያነብበት አቋራጭ ይዘጋና እያንዳንዱ ጥያቄ ሲስተም ኮል፣ ማለትም ወደ ከርነሉ የሚገባ ጥሪ፣ ይሆናል። በዚያ ላይ ከርነሉ ሰዓት ወደ ኋላ እንዳይሄድ ሁሉም ፕሮሰሰሮች የሚጋሩትን አንድ "የመጨረሻ ንባብ" ቁጥር በየንባቡ ይፈትሻል። ፕሮሰሰሩ ሲበዛ ሽሚያው ይበዛል።

የኩዝኔትሶቭ ሥራ መነሻው ይህ ዝግመት ነበር። የሚገርመኝ የሥራው ክፍፍል ነው። ኬቪኤም የሃይፐር-ቪን የቲኤስሲ ገጽ እንደ አስተማማኝ ምንጭ እንዲቀበል ማድረግ ከጠቅላላው ለውጥ ቀላሉ ክፍል ነበር። የቀረው ሁሉ የተጻፈው ለአንድ ሁኔታ ነው፤ መካከለኛው ማሽን ተዛውሮ ፍጥነቱ ቢቀየርስ? ቀላሉን ብቻ አስገብቶ ፈጣን ሰዓት አገኘን ማለት ይቻል ነበር። ያ ሰዓት ማሽኑ እስኪዛወር ድረስ በትክክል ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከላይ አይተነዋል።

ርክክቡ እንዴት ይካሄዳል

ሃይፐር-ቪ ለዚህ ያዘጋጀው አሠራር ሪኢንላይትንመንት ይባላል። ነገሩ ወዲህ ነው።

መካከለኛው ሊኑክስ ኬቪኤምን ሲያስነሳ አንድ ልዩ ሬጅስተር ላይ ይጽፋል። "ብዛወር በዚህ ቁጥር ኢንተራፕት፣ በዚህ ቨርቹዋል ፕሮሰሰሬ ላይ አሳውቀኝ።" (ኢንተራፕት ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥ ምልክት ነው።) ሁለተኛ ሬጅስተር ላይ ደግሞ "ስዛወር የቲኤስሲን ንባብ አስመስልልኝ" ይላል።

ዝውውሩ ይደርሳል። አዲሱ ሰርቨር ላይ ያለው ሃይፐር-ቪ ቲኤስሲን በቀጥታ ማንበብን ይከለክላል። አንድ ፕሮግራም ቆጣሪውን ሊያነብ ሲሞክር ሃይፐር-ቪ ይጠልፈውና በአሮጌው ፍጥነት የተሰላ ቁጥር ይመልስለታል። ብረቱ በ3.0 ጊጋኸርዝ እየቆጠረ ነው፤ የሚታየው ግን 2.4 ነው። የላይኞቹ ማሽኖች በአሮጌው ማባዣ ቢያባዙም ውጤቱ ትክክል ይሆናል። እያንዳንዱ ንባብ እጅግ ውድ ሆኗል፤ ግን አንድም ሰው የተሳሳተ ሰዓት አላየም።

ከዚያ ኢንተራፕቱ ይመጣል። ሊኑክስ ኢንተራፕቱን ተቀብሎ ዋናውን ሥራ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያዘገየዋል። ከዚያ ኬቪኤም ይጠራል። የሚከተለው ቅደም ተከተል የጉዳዩ እምብርት ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ኬቪኤም የሚያስተናግዳቸውን ማሽኖች ሁሉ፣ የሁሉንም ቨርቹዋል ፕሮሰሰሮች፣ ያስወጣል። "ሰዓት እየተቀየረ ነው" የሚል ጥያቄ በእያንዳንዱ ላይ ይለጠፋል። ጥያቄው እስካልተነሳ ድረስ አንዳቸውም ወደ ሥራ መመለስ አይችሉም። ከዚህ ነጥብ በኋላ የላይኛው ማሽን ኮድ አንድ መስመር እንኳ አይሠራም።

ቀጥሎ ነው ለሃይፐር-ቪ "ማስመሰሉን አቁም" የሚባለው። አሁን ቲኤስሲ በእውነተኛው ፍጥነቱ ይታያል። ሊኑክስ አዲሱን ፍጥነት ከሃይፐር-ቪ ሬጅስተር ያነባል። ኬቪኤም ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የመዘገበውን ፍጥነት ይቀይራል። ለእያንዳንዱ ማሽን አዲስ መነሻና አዲስ ማባዣ ያሰላል። እያንዳንዱ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት የሰዓት ገጹን እንዲያድስ ሁለተኛ ጥያቄ ይለጠፍበታል። መጨረሻ ላይ እገዳው ይነሳል።

ማስወጣቱና ማስመሰሉን ማቆሙ ቦታ ቢለዋወጡ ምን ይፈጠራል? አንድ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ለ100 ማይክሮሰከንድ ብቻ በአዲሱ ፍጥነት በአሮጌው ማባዣ ሠራ እንበል። ሰዓቱ 25 ማይክሮሰከንድ ይቀድማል። ከዚያ ትክክለኛው ገጽ ሲጻፍ ሰዓቱ 25 ማይክሮሰከንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። 25 ማይክሮሰከንድ ለሰው ምንም ነው። "አሁን" ሲቀነስ "ቅድም" አሉታዊ ቁጥር እንደማይሆን ተማምኖ ለተጻፈ ኮድ ግን ብዙ ነው። አሉታዊ ሊሆን በማይችል የቁጥር ዓይነት ከተያዘ፣ ያ ትንሽ ልዩነት ወደ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ይለወጣል። ታይመሩም በዚያ ግዙፍ ቁጥር ልክ ሊተኛ ይችላል።

ይህን አሠራር የምወድለት ነገር አለ። ታችኛው አካል ለውጡን ስለጨረሰ ብቻ ሥራው አልቋል አይልም። መካከለኛው "ከእኔ በላይ ያሉትን ሁሉ ጨርሻለሁ" እስኪለው ድረስ አሮጌውን ፍጥነት እያስመሰለ ይቆያል። እውነተኛውን ፍጥነት መቼ እንደሚያሳይ የሚወስነው ሰሚው ነው። ብዙ የኮምፒውተር ሲስተሞች በዚህ ተቃራኒ ይሠራሉ። ለውጡን ያደርጉና ማሳወቂያ ይልካሉ፤ በመካከል ያለው ክፍተት የተቀባዩ ዕዳ ይሆናል።

ድክመትም አለው። የላይኛው ማሽን ኬቪኤም-ክሎክን ትቶ ቲኤስሲን በራሱ ማባዣ የሚያነብ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ የሚያድነው የለም። ሲነሳ የለካውን 2.4 ይዞ ይቀራል። ማስመሰሉ ሲቆም ይዛባል፤ የሚነግረውም አይኖርም። ፈጣን ነው ተብሎ የላይኛው ማሽን የሰዓት ምንጭ ወደ ቲኤስሲ እንዲቀየር የሚመክሩ መመሪያዎች በየቦታው አሉ። ማሽኑ የማይዛወር ከሆነ ያዋጣሉ። ሊዛወር የሚችል ከሆነና ብረቱ የማያግዝ ከሆነ ግን እኔ አልመክርም።

በ2021 የተገኘው ቀዳዳ

ኬቪኤም ላይ ዊንዶውስም ይሠራል። ለዊንዶውስ ማሽኖች ኬቪኤም የሃይፐር-ቪን ቋንቋ ይናገርላቸዋል፤ የቲኤስሲ ገጽም ራሱ ይጽፍላቸዋል። በዚህ ገጽና በኬቪኤም-ክሎክ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ኬቪኤም-ክሎክ ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር የየራሱ ቦታ አለው። የዊንዶውሱ ገጽ ግን ለማሽኑ በሙሉ አንድ ነው። የሚያድሰውም የመጀመሪያው ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ብቻ ነበር።

ችግሩ ከዚህ ይመነጫል። እገዳው ሲነሳ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱን አድሶ ይገባል። የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ግን ትንሽ ቢዘገይ፣ ሌላው ቀድሞ ገብቶ ያልታደሰውን የጋራ ገጽ ሊያነብ ይችላል። በጥንቃቄ የተዘጋው በር በጎን ክፍት ነበር። ይህ ከዝውውር በኋላ ሰዓት በሚታደስበት በማንኛውም ጊዜ ሊደርስ የሚችል ነበር።

ማርች 2021 ላይ ኩዝኔትሶቭ ራሱ ማስተካከያ አቀረበ። ገጹን ለማደስ ከመሞከር በፊት ውድቅ ማድረግ። የዊንዶውሱ ገጽ ተራ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ "በዚህ ገጽ አትመኑ" ማለት ነው። ማሽኑ ያን ጊዜ ሃይፐርቫይዘሩን የሚጠራውን ዘገምተኛ ሬጅስተር ያነባል። ገጹ ሲታደስ ወደ ፈጣኑ ይመለሳል። ፍልስፍናው ከ2018ቱ ጋር አንድ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ቀስ ይበል እንጂ አይሳሳት።

ብረቱ ሲያግዝ

እስካሁን ያየነው ሁሉ የሚያስፈልገው ፕሮሰሰሩ ቲኤስሲ ላይ መደመር እንጂ ማባዛት ስለማይችል ነው። ኤኤምዲ በ2011 ባወጣቸው የቡልዶዘር ፕሮሰሰሮች ማባዛትን ጨመረ። ኢንቴል በስካይሌክ ትውልድ የሰርቨር ፕሮሰሰሮቹ ተከተለ። በእነዚህ ላይ ሃይፐርቫይዘሩ "ለዚህ ማሽን ቆጠራውን በ0.8 አባዛው" ብሎ ያዛል። ብረቱ በ3.0 ይቆጥራል፣ ማሽኑ በ2.4 ያነባል፣ ማንም ማንንም አይጠልፍም። የላይኛው ማሽን ቲኤስሲን በቀጥታ ቢያነብ እንኳ ትክክል ነው። በ2019 የቀረበ ሌላ የሊኑክስ ለውጥ ደግሞ ሃይፐር-ቪ "ፍጥነቱ አይቀየርብህም" ብሎ ቃል በሚገባበት ቦታ መካከለኛው ሊኑክስ ቲኤስሲን በቀጥታ እንዲጠቀም ፈቀደ።

አሮጌ ሰርቨር ከአዲስ ጋር በተደባለቀበት ክላስተር ግን ሁሉም ማሽን ይህን አያገኝም። በእኛም አገር ሆነ በሌላው፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሰርቨሮች ጎን ለጎን መሥራታቸው የተለመደ ነው። እዚያ የሶፍትዌሩ ርክክብ አሁንም ሥራ ላይ ነው።

ብረቱ የማይፈታው ሌላ ነገርም ቀርቷል። ፍጥነቱ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ ማሽኑ በዝውውሩ ቅጽበት ለአፍታ ይቆማል፤ አዲሱ ሰርቨር ላይ ያለው ክሪስታልም የራሱ ትንሽ ስህተት አለው። ኤንቲፒ ለወራት የተማረው ማረሚያ ለአሮጌው ክሪስታል ነው። ጃንዋሪ 2025 በወጣው ሊኑክስ 6.13 የገባው ቪኤምክሎክ የተባለ መሣሪያ ይህን ይነካል። ማሽኑ በተዛወረ ቁጥር የሚቀየር ምልክት ይዟል። ፕሮግራሙ ምልክቱን አይቶ "ሰዓቴን እንደገና እስካረጋግጥ ልጠንቀቅ" ማለት ይችላል። እላይ ያነሳሁት የ10 ሰከንድ ውል የያዘ ዳታቤዝ ይህን ቢያነብ ዳታው ከመበላሸቱ በፊት ይቆማል። ማሳወቂያው ከከርነል አልፎ እስከ ፕሮግራሙ መድረሱ ለእኔ ትልቅ እርምጃ ነው።

ራስን መፈተሽ

ሃይፐር-ቪ ላይ ኬቪኤም የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የመካከለኛውን ሊኑክስ የሰዓት ምንጭ ይይ። የሃይፐር-ቪው የቲኤስሲ ገጽ ወይም ራሱ ቲኤስሲ መሆን አለበት። የላይኛው ማሽን ላይ ኬቪኤም-ክሎክ መኖሩን ያረጋግጥ። የመካከለኛውን የከርነል መልእክት ያንብብ፤ ሪኢንላይትንመንት የለም የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ከዝውውር በፊት ነገሩን መፍታት ይቀድማል።

ከዚያ መካከለኛው ማሽን ላይ ከርነሉ ኢንተራፕቶችን የሚቆጥርበትን ዝርዝር ይክፈት። ኤች አር ኢ (HRE) የሚል ምልክት ያለው መስመር አለ፤ ማሳወቂያው በመጣ ቁጥር ይጨምራል። ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ቁጥሩን ይመዝግብ። የላይኛው ማሽን ላይ ደግሞ ክሮኒ የተባለው የኤንቲፒ ፕሮግራም የሚያሳየውን የፍጥነት ስህተት ጎን ለጎን ይያዝ። ቁጥሩ ጨምሮ የክሮኒ ስህተት ከሚሊዮን በጥቂት አስሮች ብቻ ከተነቃነቀ፣ ያ የሁለቱ ክሪስታሎች ልዩነት ነው፤ ኤንቲፒ ይወጣዋል። ስህተቱ ወደ ሺህዎች ከዘለለ ግን አሮጌው ማባዣ አሁንም ሥራ ላይ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ኤንቲፒን መነካካት ትቶ የላይኛውን ማሽን የሰዓት ምንጭ መመርመር ይሻላል።